እህት ባለችበት ከተማ

ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ።

ሰዒድ ወንበር ቢያቀርብ፣ ትራስ ቢያደላድል፣ ክንዳቸውን ይዞ "ኧረ በአላህ ግቡ!" ቢል፣ ሐጂ አወል ከዘራቸውን ደጃፉ ላይ ተክለው ንቅንቅ አላሉም። ከጎናቸው የቆሙት ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሙላቴ ናቸው። ከሁለቱ ኋላ ደግሞ ታላቅ እህቱ ዘምዘም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ዘምዘም የምትኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት ደብረ ታቦር ወንድሟ ደጅ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነበረባት፤ ተነስታለችም።

"እሺ እስክትለን አንቀመጥም" አሉ ሐጂ አወል።

"ምኑን ነው እሺ የምለው ሐጂ?"

"መጀመሪያ እሺ በል። ነገሩን ኋላ እንነግርሃለን።"

ሽማግሌ ደጅ ላይ የሚቆመው ለእርቅ ነው። ሰዒድ ከማን እንደተጣላ ለማስታወስ ሞከረ። ትዝ ያለው ሱሪ አሳጠርክብኝ ያለው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ እሱንም የሱሪውን እግር ፈትቶ አስረዝሞ መልሶለት ተሳስቀው ነው የተለያዩት። ዞር ብሎ ሚስቱን አየ። ፋጡማ አዲሱን ሸራ ጫማዋን አስራ፣ ከቦርሳው አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንግዶቹ ሲመጡ ብድግ ብላ እንደቆመች ቀርታለች። መኪናው በአራት ሰዓት ይነሳል። ባሕር ዳር ያለው ሆቴል ክፍሉን የሚያቆይላቸው እስከ አሥር ሰዓት ነው። ሰኞ ጧት ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ለልኬት ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰርጉ ወራት ማለቂያ ሰዒድ ከስፌት መኪናው ቀና አይልም። ዛሬ ካልሄዱ አይሄዱም።

ይህን ጉዞ ፋጡማ የጠየቀችው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው። የሰዒድ እናት አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ያነሳች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች እሷ ናት። በእነዚያ ዓመታት አንድም ሌሊት ከቤት ውጪ አላደረችም። አማቷ ካረፉና ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ሰዒድ አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ "ምን ላድርግልሽ?" አላት። ወርቅ ትለኛለች፣ ወይ ጥሩ ጨርቅ ትለኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን "ማንም የማያውቀኝ ቦታ ሁለት ቀን ልሂድ። አንተም ና" አለችው።

ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። ሃያ ዓመት የሞላት ልጃቸው ኢክራም ስልኳን ይዛ የጉዞው አቃጅ ሆነች። መጀመሪያ ያመጣችው ጉናን ነው። ንጹሕ አየር፣ የእግር ጉዞ፣ ከተራራው ላይ አገሩን ሁሉ ማየት። ሰዒድ ብርዱን አስቦ ገና ቁጭ እንዳለ ትከሻውን ሰበሰበ። ፋጡማ ግን የፈራችው ብርዱን አይደለም። ተራራው ሥር፣ ክምር ድንጋይ ከተማ፣ ሦስት አጎቶች አሏት። መምጣቷ እንደተሰማ በግ ይታረዳል፤ በግ ከታረደ ደግሞ ወጡን ማን እንደሚሠራው ታውቃለች።

ቀጥሎ የመጣው ወንዛዬ ነው። ፍል ውኃው ለሰውነት ጥሩ ነው ተባለ። ፋጡማ ተደስታ ለአንዲት ጎረቤቷ ብቻ አወራች። ወንዛዬ ግን የሚሄደው የታመመ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሴቶች ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን አጨማደው "አላህ ያሽርሽ፤ ምንሽን ነው?" ብለው መጡ። ደኅና ነኝ ብትል የሚሰማት አጣች። ብርቱካኑን ተቀብላ አመሰገነች፣ ወንዛዬም ቀረ።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ተመረጠ። ሐይቁ ዳር በዛፍ ጥላ መሄድ፣ በማግስቱ ጧት ቤዛዊት ኮረብታ በእግር ወጥቶ ዓባይን ከላይ ማየት። ለኮረብታው እግራቸውን ለማለማመድ ባልና ሚስት ከሱብሒ ሶላት በኋላ እየወጡ መንደሩን መዞር ጀመሩ። በዚህ ከተማ በእነሱ ዕድሜ ያሉ ባልና ሚስት ገና ሳይነጋ አብረው ከወጡ የሚሄዱት ቀብር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛቸው ሰው ሁሉ እየደነገጠ "ማን ሞተ?" ይላቸው ነበር። አንዱማ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ ጋቢውን ደርቦ ተከተላቸው።

ሆቴሉን መምረጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ኢክራም ፎቶ ታሳያለች፣ ሰዒድ መነጽሩን አድርጎ ይመረምራል። አንዱን ጥሩ ሆቴል የመጋረጃው ጫፍ በወጉ አልተቀመቀመም ብሎ ጣለው።

"አባዬ፣ የምትተኙት አልጋው ላይ እንጂ መጋረጃው ላይ አይደለም!" አለች ኢክራም።

"መጋረጃ በትክክል ያላሰፋ ሰው አንሶላ ያጥባል ብለሽ ነው?"

ሁለት ሆቴሎች ቀሩ። ፎቶ ደግሞ የፍራሽ ጥንካሬ አያሳይም። ሰዒድ ትልቁን ስሕተት የሠራው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር ባጃጅ ለሚነዳው ለፈይሰል ደውሎ፣ ሁለቱም ሆቴሎች ገብቶ ፍራሹን በእጁ ተጭኖ እንዲያይ፣ ሙቅ ውኃው መውረዱን እንዲያጣራ፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ላከው። ፈይሰል የዘምዘም ልጅ ነው። "ለእናትህ እንዳትነግራት" አለው። ልጁ አምስት ቀን አፉን ያዘ። በስድስተኛው ቀን እናቱ ጋ ምሳ ሲበላ አመለጠው።

ሐጂ አወል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ ትላለህ ወይስ እዚሁ ቆመን እንዋል?"

"እሺ፣ እሺ ሐጂ! ያሉኝን ሁሉ።"

ሐጂ አወል ወደ ዘምዘም ዞሩ። "እንግዲህ ተናገሪ።"

ዘምዘም ነጠላዋን ከአፏ አነሳች። ዓይኗ ቀልቷል። ታላቅ ናት፤ ሰዒድን አዝላ ነው ያሳደገችው፤ ይቅርታ መጠየቅ አልለመደችም።

"ወንድሜ፣ ባጠፋሁ ይቅር በለኝ" አለች። "የልጄ የሬድዋን ሰርግ ላይ ፋጡማን ከኋላ ድንኳን ያስቀመጥኋት አውቄ አይደለም። ሰው በዝቶ ነው። የእናታችንን ሳጥንም የወሰድሁት ለመታሰቢያ ብዬ ነው እንጂ ላስቀርባችሁ ብዬ አይደለም። ቅር ካለህ ነገ አስጭኜ እልከዋለሁ።"

"እትዬ፣ የምን ሰርግ? የምን ሳጥን?" ሰዒድ ግራ ገባው። "እኔ ከቶ ምንም አልተቀየምሁም!"

ፋጡማ በሰርጉ ቀን የት እንደተቀመጠች ደኅና አድርጋ ታስታውሳለች፤ ዛሬ የሚነሳ ነገር ግን አይደለም።

"ካልተቀየምክ ታዲያ" አሉ ጋሽ ሙላቴ፣ ተማሪ እንደሚጠይቁ ጣታቸውን አንስተው፣ "እህቱ ባለችበት ከተማ ሆቴል የሚይዝ ሰው ምን ሆኖ ነው?"

አሁን ነገሩ ለሰዒድ ገባው። ጆሮው ጋለ። ዘምዘም ደግሞ ወንድሟ ሲያቀረቅር ስታይ ሌላ ነገር መጣባት፤ ደረቷን መታች።

"ታማለች! ፋጡማ ታማለች! ለምርመራ ልትወስዳት ነው፣ እንዳልደነግጥ ብላችሁ ደብቃችሁኛል!"

ሰዒድ ለአንድ አፍታ ይህ ጥሩ መውጫ መሰለው። ለበሽታ የሄደ ሰው አይወቀስም። "መቼም ትንሽ እግሯን..." ብሎ ጀመረ።

"ደኅናዬን አታሳምመኝ!" አለች ፋጡማ። "እትዬ፣ አልሐምዱሊላህ ምንም አልሆንሁም። ገና ወንዛዬ ሳልሄድ የበላሁት ብርቱካን ይበቃኛል።"

ኢክራም ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። መናገር አልነበረባትም፤ ግን ወጣት ናት። "ሽርሽር ነው አክስቴ" አለች። "ሊዝናኑ ነው የሚሄዱት።"

ሐጂ አወል ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ጋሽ ሙላቴም ተቀመጡ። እርቁ ወደ ችሎት ተለውጧል።

"ሽርሽሩ ይሁን" አለች ዘምዘም በቀስታ። "ሽርሽር አልከለከልሁም። ተንሸራሸሩ። ማታ የት ታድራላችሁ?"

"ሆቴል" አለ ሰዒድ።

"እኔ ሞቻለሁ?"

ዘምዘም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ ጎረቤቶቿ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሏት፣ የገዛ ወንድሟ ሻንጣውን ይዞ ደጇን አልፎ ሲሄድ ማን በምን ዓይን እንደሚያያት ተናገረች። ሐጂ አወል ከጋሽ ሙላቴ ጋር ትንሽ ተንሾካሹከው ፍርዳቸውን ሰጡ። ሄደው ይዝናኑ፤ ሐይቁም ኮረብታውም ሳይቀር ይዩ። አዳሩ ግን ዘምዘም ቤት ይሁን።

ሰዒድ ቀለል አለው። ሁሉም ደስ የሚሰኝበት ፍርድ መሰለው፤ ጠብ የለ፣ ቅያሜ የለ። ዘምዘም ፊቷ በርቶ ወዲያው ዕቅድ ማውጣት ጀመረች። ሁለት ዶሮ አለ። ጎረቤቶቿ ፋጡማን ካዩዋት ቆይተዋል፤ ነገ ምሳ ይጠራሉ። ከሰዓት በኋላ የሬድዋን አማቶች ጋ ብቅ ይባላል፤ ባሕር ዳር መጥቶ እነሱን ሳያዩ መመለስ ደግ አይደለም።

ፋጡማ አልጋው ጫፍ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ጎንበስ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ሥራ እንደሚጠብቃት ሰው ነው የፈታችው። ሰዒድ ይህን አጎነባበስ ያውቀዋል። እናቱ ሲጣሩ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የምትነሳው። ልቡ ተነካ።

"እሺ አልልም ሐጂ" አለ።

"አሁን እሺ ብለህ የለም እንዴ?"

"ነገሩን ሳልሰማ ነው ያልሁት። አሁን ሰምቻለሁ።" ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በሽማግሌ ፊት የሚባለውንና የማይባለውን ለይቶ ያውቃል። "ነውር ከሆነም ይሁን፣ ልናገረው። ከሚስቴ ጋር ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።"

ኢክራም አፏን በእጇ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ጋሽ ሙላቴ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

"ከተጋባን ሃያ አምስት ዓመት" አለ ሰዒድ፤ አሁን ማቆም አልቻለም። "ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። ወይ ደንበኛ አለ፣ ወይ እናታችን ትጣራለች፣ አላህ ይዘንላት፣ ወይ እንግዳ መጥቷል። ዘይት አለቀ፣ ክር አለቀ፣ ይኸው ነው ወሬያችን። ይቺ ሴት እናቴን እንደ ልጅ አቅፋ ኖረች። አንድ ቀን አላማረረችም። እወዳታለሁ። ለሷም ነግሬያት አላውቅም፤ አሁን እናንተ ፊት ነው የነገርኋት፤ አፍሬያለሁ፤ ግን እውነት ነው።"

የፋጡማ እጅ ማሰሪያው ላይ ቆመ። ቀና አላለችም። ጆሮዋ ሥር ድረስ ቀልታ ነበር፤ ደስ ብሏት ነው።

"እኔ ቤት እንዳትጫወቱ ማን ከለከላችሁ?" አለች ዘምዘም፤ ድምፅዋ ግን ለዝቧል። "መኝታ ቤቴን እለቃለሁ። እሷንም ዕቃ አላስነካትም። እናቴን ያጠበ እጅ ነው፤ አላውቅም እንዴ? ወላሂ አላስነካትም።"

"አውቃለሁ እትዬ" አለች ፋጡማ፤ አሁን ቀና ብላለች። "እርስዎ አያስነኩኝም። የማልችለው እኔ ነኝ። እርስዎ ወጥ ቤት ጉድ ጉድ ሲሉ እየሰማሁ ጋደም ልል ነው? ገና እንደገባሁ ሽንኩርት መላጥ እጀምራለሁ። የሆቴሉ ሽንኩርት ግን አይመለከተኝም።"

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሙላቴ ናቸው። "እውነቷን ነው!" አሉ ጉልበታቸውን እየመቱ። "አዲስ አበባ ልጄ ቤት ላርፍ ሄጄ አሥራ አምስት ቀን አጥር ሳጥር ነው የከረምሁት። ማንም አላዘዘኝ።" ሐጂ አወልም ሳቃቸው መጣ፤ በከዘራቸው እጀታ ሊሸሽጉት ሞከሩ። ዘምዘም ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከሳቁም ከሌላውም ነበር።

ሳቁ ሲያልፍ ግን የእሷ ነገር እዚያው ነበር። "ኧረ እኔስ?" አለች። "ሰው ሲጠይቀኝ ወንድሜ መጥቶ ሆቴል አደረ ልበል?"

ሐጂ አወል ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። ከአባቷ ጋር አብረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዘምዘምን ከልጅነቷ ያውቋታል።

"ዘምዘም፣ እዚህ ቤት መቼ ነው ያደርሽው?"

"አምና፣ ለእናቴ ሐዘን።"

"ከዚያ በፊት?"

"ለአባቴ።"

"ለቅሶ ሳይሆን፣ እንዲያው ደስ ብሎሽ?"

ዘምዘም ቆጠረች። ከተዳረች ወዲህ አንድም ቀን አላገኘችም።

"እንግዲያው ዛሬ እዚህ እደሪ፣ ነገም ዋይ" አሉ ሐጂ አወል። "ሰው ደጄን አለፈኝ የሚለው ቤቱ ሲኖር ነው። አንቺ ደብረ ታቦር ከሆንሽ የባሕር ዳሩ ቤትሽ ዝግ ነው። ዝግ ቤት ያለፈ ሰው ማንን አስቀየመ?"

"ፈይሰልስ አለ አይደል?" አለች ዘምዘም፤ ክርክሩን ቶሎ መተው አልፈለገችም።

"ፈይሰል አንድ ክፍል የተከራየ ላጤ ነው። ማንም አያድርበት።"

"ጎረቤቶቼስ?"

"ወንድሜ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነው ትያለሽ። ሰዒድ፣ ጠርተሃታል?"

"ጠርቻታለሁ!" አለ ሰዒድ ቶሎ ብሎ። "እትዬ፣ በአላህ፣ እደሪ። ኢክራምም ብቻዋን ከምትሆን።"

ዘምዘም ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። የተወለደችበት ቤት ነው። በመስኮቱ ጓሮው ይታያል፤ እናቷ የተከሉት የኮክ ዛፍ አርጅቶ ወደ አጥሩ ጋደል ብሏል። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ እዚህ የምትመጣው እያለቀሰች ስለሆነ ዛፉን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ ተጣራች።

"ኢክራም! ለቤት የሚሆን ሰፊ ቀሚስ አለሽ?"

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቸኮለ። ጋሽ ሙላቴ ባጃጅ ሊጠሩ ወጡ። ኢክራም ቀሚሱን ይዛ መጣች። ሐጂ አወል ለሁለቱ ተጓዦች ዱዓ አደረጉ፤ በእግር ጉዞው ላይ ጉልበት እንዳይከዳቸው ሳይቀር ለመኑላቸው። ፋጡማ የጫማዋን ማሰሪያ እንደገና አሰረች፤ በዚህ ጊዜ ድርብ አድርጋ። ስትወጣ ሰዒድን ቀና ብላ አላየችውም፤ ግን በአጠገቡ ስታልፍ የኮቱን እጅጌ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ እንደ ልጃገረድ።

ሰዒድ ቦርሳውን ሊያነሳ ሲል ዘምዘም ወደ ጥግ ጎተተችው። ከደረቷ ውስጥ በጨርቅ የታሰረ ቁልፍ አወጣችና ኪሱ ውስጥ ከተተችው።

"የቤቴ ቁልፍ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ለማንም አትንገር። ፍራሹ ከቆረቆራችሁ፣ ውኃው እንቢ ካለ፣ ምግቡ ካልተስማማችሁ፣ ምን ቸገራችሁ? በጓሮ በር ግቡ። ማንም አያያችሁም።"

"እሺ እትዬ።"

"አንሶላው ታጥቦ ሣጥን ውስጥ ነው።"

"እሺ።"

ሰዒድ ወጣ። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ይንተከተካል፤ ፋጡማ ውስጥ ተቀምጣ ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች። እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉ ከባድ ነው፤ የድሮ ቁልፍ። ቢይዘው ማን ይጎዳል? ፍራሹ ጥሩ ቢሆን አይጠቀሙበትም። ጥሩ ባይሆን ግን፣ ሙቅ ውኃው ቢቋረጥ፣ ወይ ሌሊት ጎረቤት ክፍል ቢንጫጫ፣ በመጀመሪያው ሰበብ "እትዬ ጋ እንሂድ" የሚለው እሱ ራሱ እንደሚሆን ያውቃል። ፋጡማም ጫማዋን ጎንበስ ብላ ታስራለች፣ ሄዳም የእህቱን ወጥ ቤት ትጠርጋለች።

"ና እንጂ!" አለች ፋጡማ። "መኪናው ይሄድብናል።"

"መጣሁ" አላት።

ተመልሶ ገባ። ዘምዘም የኢክራምን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታው በጓሮው መስኮት ዛፉን ታያለች። ሰዒድ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና፣ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ አድርጎ፣ ከበሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወጥቶ ባጃጁ ውስጥ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።